ኤታኖል የለመደ ፒካፕ፦ ከመሃል አዲስ አበባ አንድ የጉዳይ ጥናት

የጽዳት ዕቃ የሚያመርቱ አንዲት እናት ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ አላቸው። በከተማችን የሚበዛው ሃይሉክስ ናፍጣ ነው። የሳቸው ግን ቤንዚን ነው። ሞተሩ 2.7 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ነዳጁን በኢንጀክተር የሚረጭ። በመጋዘናቸው ደግሞ በኮቪድ ጊዜ ለሳኒታይዘር ገዝተውት የተረፈ አልኮል (ኤታኖል) በበርሜል ተደርድሯል። ሳኒታይዘር ፈላጊ ሲጠፋ አልኮሉ ቦታ ይዞ ቀረ። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ ሁለቱን ነገር አገናኙና ወደ ጋራዣችን መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ አልኮል መኪናዬን አይነዳልኝም?» አሉኝ።

«ይነዳል፣ እትዬ። ግን መጀመሪያ አልኮሉን ልየው» አልኳቸው።

ጋራዣችን ተክለሃይማኖት አካባቢ ነው። ሶማሌ ተራ በእግር ይደረሳል፤ መለዋወጫ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ጥያቄው አዲስ አልነበረም። ቤንዚን በተወደደ ቁጥር «አልኮል ጨምሬበት ብነዳስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሰው ያለችውን መኪና አጥብቆ ይዟል። አንዳንዱ በወሬ ብቻ ተነስቶ ታንኩ ውስጥ አልኮል ይገለብጣል። ከዚያ መኪናው ተጎትቶ ይመጣል። ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው ለዚህ ነው። ከዚህ ሥራ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ሞተሩን ማዘጋጀቱ ከሚወራው ይልቅ ቀላል ነው። ከባዱ ነዳጁ ነው።

መጀመሪያ አልኮሉ

ከመጋዘኑ ናሙና ስንወስድ ያገኘነው አንድ ዓይነት ነገር አልነበረም። በርሜሎቹ ውስጥ ያልተነካ አልኮል አለ። ጀሪካኖቹ ውስጥ ግን ተቀምሞ ያለቀ ሳኒታይዘር ነው ያለው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ቀመር ሳኒታይዘር 80 በመቶ ኤታኖል ነው። የቀረው ውሃ፣ 1.45 በመቶ ግሊሰሪን እና ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ግሊሰሪን እንደ አልኮል ብን ብሎ አይጠፋም። ኢንጀክተር ጫፍ ላይና ቫልቭ ላይ እየተጣበቀ ይጋገራል።

ሁለቱን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ንጹህ መስታወት ላይ ጠብ አድርጎ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ንጹህ አልኮል ምንም ሳይተው ይተናል። ግሊሰሪን ያለበት በጣት ሲነካ የሚያሟልጭ ነገር ያስቀራል። ጀሪካኖቹን በሙሉ ወደ ጎን አደረግናቸው። እትዬ ቅር አላቸው። ገንዘብ የወጣበት ነገር ነውና አልፈርድባቸውም። በዚህ ነጥብ ላይ ግን መደራደር የለም።

ቀጥሎ በርሜሎቹን በአልኮል መለኪያ አየናቸው። መለኪያው የሚንሳፈፍ የመስታወት ዘንግ ነው፤ የተሠራው ለ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። ጠዋት በቀዘቀዘ አልኮል ላይ ከከተቱት ዝቅ አድርጎ ያነባል። ስለዚህ አልኮሉ ቤት ውስጥ እስኪሞቅ ጠበቅን። አብዛኞቹ በርሜሎች 95 በመቶ አካባቢ አነበቡ። ክዳናቸው የላላው ግን ከ90 በታች ወርደዋል። ኤታኖል ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። ዓመታት ክረምቱን በላላ ክዳን ያሳለፈ በርሜል ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። እነሱንም ለጽዳት ሥራ ይሁኑ ብለን ተውናቸው።

95 ሲባል ብዙ ሰው «ንጹህ ነው» ይላል። ለመጠጥ ፋብሪካና ለጽዳት ንጹህ ነው። ለነዳጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አልኮልን እያነጠሩ ማጥራት 96 ወይም 97 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚተነው አልኮል ያችኑ ውሃ ይዞ ይወጣል። ከቤንዚን ጋር በትንሽ መጠን የሚደባለቅ ኤታኖል 99.5 በመቶ መሆን አለበት። ለዚያ ውሃውን ብቻ የሚይዝ ልዩ ማጣሪያ ያስፈልጋል። የነዳጅ ኤታኖል የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አላቸው፤ የእትዬ አልኮል ግን በዚያ አላለፈም።

ይህ 5 በመቶ ውሃ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ጠርሙሶች አዘጋጀን። አንዱ ውስጥ ዘጠኝ እጅ ቤንዚን፣ አንድ እጅ አልኮል። ሌላው ውስጥ ስምንት ለሁለት። ሌላው ግማሽ በግማሽ። የመጨረሻው ሦስት እጅ አልኮል፣ አንድ እጅ ቤንዚን። ክዳናቸውን አጥብቀን እሳትና ብልጭታ በሌለበት ቦታ በበረዶ ውሃ ውስጥ አቆምናቸው። የቤት ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም። የፍሪጅ መብራትና ቴርሞስታት ብልጭታ ስላላቸው እንፋሎቱ ሊቀጣጠል ይችላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ 8 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ ስለዚህ የበረዶው ውሃ ትክክለኛ ፈተና ነው። አልኮል ያነሰባቸው ጠርሙሶች ወተት ጠብ ያለባቸው ይመስል ደፈረሱ። ቆየት ሲሉም ከታች ሌላ ፈሳሽ አቀረሩ። ያ የታችኛው ውሃ ያለበት አልኮል ነው። ሦስት እጅ አልኮል ያለበት ግን ጥርት ብሎ ቆየ።

እትዬን ጠርተን አሳየናቸው። የፓምፑ አፍ የሚስበው ከታንኩ ወለል ነው። ታንኩ ውስጥ እንዲህ ከተለያየ ሞተሩ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን የታችኛውን ፈሳሽ ነው። «ቤንዚን ላይ ትንሽ አልኮል ጠብ ማድረግ ምን ይጎዳል?» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ውሃ ያለው አልኮል በጣም የሚያስቸግረው በትንሹ ሲጨመር ነው።

የማደያው ቤንዚንስ? እሱንም መፈተሽ ነበረብን። ምልክት ባለው ቀጭን መስታወት ውስጥ እኩል ውሃና ቤንዚን አድርጎ መናጥ ነው። ቤንዚኑ ኤታኖል ካለው ኤታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ወደ ውሃው ይገባል፤ የውሃው ከፍታም ይጨምራል። የኛ አልጨመረም። ሃይሉክሱ የሚቀዳው ቤንዚን ኤታኖል የለውም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብራዚልን ማንሳት ግድ ነው። ስለ ፍሌክስ፣ ማለትም ቤንዚንም አልኮልም ስለሚቀበል መኪና፣ ሲወራ ሁሉም ምሳሌ የሚያደርገው እሷን ነው፤ ትክክልም ነው። መንግሥት በእ.ኤ.አ. 1975 የአልኮል ፕሮግራሙን ጀመረ። ፊያት 147 በ1979 በአልኮል ብቻ የሚሠራ ሆኖ ወጣ። በ2003 ቮልስዋገን ጎል ቤንዚንና አልኮልን እንዳሻው የሚቀላቅል ሆነ። የእትዬን መኪና የሚመስል ባለ 2.7 ሊትር ሃይሉክስም ቶዮታ እዚያ በፍሌክስ ሸጧል። የብራዚል ሰው ማደያ ገብቶ ውሃ ያለውን አልኮል ከቤንዚን ላይ በፈለገው መጠን ይቀዳል፤ ምንም አይሆንም። ምክንያቱ እዚያ የሚሸጠው ቤንዚን ራሱ ኤታኖል ያለበት መሆኑ ነው። ለዓመታት 27 በመቶ ነበር፤ ከኦገስት 2025 ጀምሮ 30 በመቶ ሆኗል። ያ ደረቅ ኤታኖል ውሃውን አቅፎ ይይዘዋል። እኛ ጋ ኤታኖል የሌለው ቤንዚን ላይ ውሃ ያለው አልኮል ሲጨመር የሚይዘው የለም። ስለዚህ የብራዚልን መኪና መገልበጥ ይቻላል፤ የብራዚልን ማደያ ግን መገልበጥ አይቻልም።

ለእትዬ መኪና የወሰንነው ይህንን ነው፦ ወይ ሦስት እጅ አልኮል በአንድ እጅ ቤንዚን፣ ወይ ንጹህ ቤንዚን። መሃል የለም።

ሞተሩና የከተማው ከፍታ

ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ኤታኖል 9 ኪሎ ይበቃዋል። ራሱ ኦክሲጅን ስላለው ነው። ሲገለበጥ ለዚያው አየር ብዙ ነዳጅ መርጨት ያስፈልጋል ማለት ነው። በኛ ድብልቅ ሂሳቡ በሊትር 40 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ሆነ።

የመኪናው ኮምፒውተር ጥቂቱን ብቻ ነው በራሱ የሚሸፍነው። የጭስ መውጫው ላይ ያለው ኦክሲጅን ሴንሰር ነዳጅ እንዳነሰ ሲነግረው መርጨቱን ይጨምራል። ግን ገደብ አለው። እንደ መኪናው ከ25 እስከ 35 በመቶ አካባቢ ሲደርስ «ከዚህ በላይ አልችልም» ይልና የቼክ ኢንጅን መብራት ያበራል። 40 ከገደቡ ውጭ ነው። በዚያ ላይ ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ ኮምፒውተሩ የሴንሰሩን ቃል መስማት ያቆማል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ሽቅብ ሲወጣ ይግላል፤ ቫልቭ የሚቃጠለው ያኔ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። ሰው ሁሉ «ኢንጀክተሮቹ ይቀየሩ፣ ትልቅ ይገባ» ይላል። ብዙ ቦታ ይህ እውነት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። አየሩ በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ነዳጁም እንዲሁ። ፋብሪካው ኢንጀክተሩን የመረጠው ግን መኪናው ባህር ዳርቻ ላይ ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ እንዳያንሰው አስቦ ነው። ያንን ፍጆታ 100 ብንለው ያው መኪና አዲስ አበባ ላይ በቤንዚን 80 ነው የሚፈልገው። 40 በመቶ ሲጨመርበት 112 ይሆናል። ይህ ኢንጀክተር ከተሰጠው ትርፍ አቅም ብዙ አያልፍም። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያው መኪና 140 ይሆን ነበር። ስለዚህ ኢንጀክተሮቹን አጠብናቸው እንጂ አልቀየርናቸውም። ፓምፑ በሚሰጠው ግፊት ሲረጩ መጠናቸው እኩል መሆኑን አይተን መለስናቸው።

ከፍታው የሚሰጠውን ያህል የሚነሳውም አለ። ኤታኖል ኦክቴኑ ከ100 በላይ ነው፤ ነዳጁ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተር እንዳያንኳኳ ይረዳል። ውድድር ነጂዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ላይ ተርቦ የሌለው ሞተር መጀመሪያውኑ ለማንኳኳት ያን ያህል አይቀርብም። «ጉልበት ይጨምርልሃል» እያለ መኪናን በአልኮል የሚያስኬድ ኪት የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱ። መጭመቂያው ሳይጨመር፣ ተርቦ ሳይኖር ያ ትርፍ ኦክቴን እዚህ ሥራ ፈት ነው።

ምን ተገጠመ፣ ምን ተቀየረ

ኪቱን ፈረንሳይ የምትኖር የእህታቸው ልጅ ላከችላቸው። እዚያ አገር ኢ85 የሚባለው፣ እስከ 85 በመቶ ኤታኖል ያለው ነዳጅ በብዙ ማደያዎች ይሸጣል። ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮም ተፈትሸው የተፈቀዱ ኪቶች በሕጋዊ መንገድ ይገጠማሉ። ኪቱ ትንሽ ሳጥን ነው። በኮምፒውተሩና በኢንጀክተሮቹ መካከል ይገባል። ኮምፒውተሩ «ለዚህን ያህል ጊዜ ክፈት» ሲል ሳጥኑ ያንን ጊዜ ያስረዝመዋል።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የኤታኖል ሴንሰር አለው፤ ሌላው የለውም። ሴንሰር የሌለውን አልገጥምም። የሌለው በግምት ነው የሚሄደው፤ ሹፌሩ ቤንዚን ሲቀዳም አልኮል ነው ብሎ ሊረጭ ይችላል። ሴንሰሩ የነዳጅ ቱቦ መሃል ላይ ይገጠማልና በውስጡ የሚያልፈውን ፈሳሽ የኤሌክትሪክ ባህርይ ይለካል። ውጤቱን በምት ይናገራል፤ 50 ኸርዝ ከሆነ ኤታኖል የለም፣ 150 ከሆነ ሙሉ ኤታኖል ነው። በመልቲሜትር ማንበብ ይቻላል። መካኒክ ወንድሞቼ ይህችን ቁጥር ያዟት፤ «ታንኩ ውስጥ ምን አለ?» የሚለውን ክርክር በአንዴ ትዘጋለች።

በኛ ጉዳይ ሴንሰሩ የሰጠው ቁጥር ከጠበቅነው ከፍ አለ። 75 በመቶ አልኮል ቀላቅለን ከ80 በላይ አነበበ። ጥፋቱ የሴንሰሩ አይደለም። ሴንሰሩ በሚለካው የኤሌክትሪክ ባህርይ ውሃ የኤታኖልን ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ጥቂት ውሃ ሲኖር ሴንሰሩ ብዙ ኤታኖል ያለ ይመስለዋል። ሳጥኑም ትንሽ አብዝቶ ረጨ። ስካነሩ ላይ ሲታይ ኮምፒውተሩ በራሱ ጥቂት በመቶ እየቀነሰ አስተካክሎታል። ይህ በደህናው ክልል ውስጥ ነው። ቁጥሩ እየራቀ ከሄደ ግን አልኮሉ ውሃ እየጨመረ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ መኪናው በመጣ ቁጥር እሱን አያለሁ።

ከሳጥኑ ይልቅ ጊዜ የወሰደው ቱቦው ነው። ኤታኖል የድሮ ጎማ ያሳብጣል፤ ውሃ ሲኖረው ደግሞ አሉሚኒየምና ዚንክ ይበላል። ሶማሌ ተራ ሲኬድ ሁሉም ቱቦ «ኦሪጅናል» ነው። ጽሑፉን ከማመን ቁራጩን ቆርጦ አልኮሉ ውስጥ መዘፍዘፍ ይሻላል። ለሳምንት ያህል ስናቆያቸው አንዳንዱ አብጦ ለስልሶ ወጣ፤ አንዱ ፈሳሹን አጠቆረው። ቫይተን የሚባለው ጎማ ግን እንደገባ ወጣ። ከታንክ እስከ ሞተር ያለውን የጎማ ቱቦና ኦሪንግ በሙሉ በሱ ዓይነት ቀየርን።

ታንኩን አውርደን አጠብነው። አልኮል የዓመታት ቆሻሻን ከታንክ ግድግዳ ላይ ያላቅቃል፤ ሳይታጠብ ከተሞላ ያ ሁሉ ወደ ፊልትሮ ይሄዳል። ታጥቦም ቢሆን የመጀመሪያው ፊልትሮ ቶሎ ስለሚደፈን ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ቀየርነው። ካንዴላ ላይ ለውጥ አላደረግንም። የሞተር ዘይት መቀየሪያውን ግን አሳጠርነው። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ ያልተቃጠለው አልኮልና ውሃም ዘይቱ ውስጥ ይቀራል።

ጠዋት ማስነሳት ሌላው ፈተና ነው። ኤታኖል ብርድ ላይ በቀላሉ አይተንም፤ ሲተንም ብዙ ሙቀት ይስባል። የብራዚል የቀድሞ ፍሌክስ መኪኖች ኮፈን ሥር ትንሽ የቤንዚን ዕቃ የነበራቸው ለዚህ ነው፤ ብርድ ሲሆን በሱ ይነሳሉ። እኛ ያንን ያስቀረነው ድብልቁ ውስጥ ባለው አንድ እጅ ቤንዚን ነው። በተጨማሪ ሳጥኑ የሙቀት ሴንሰር ስላለው ሲቀዘቅዝ ረጅም ይረጫል። ታኅሣሥ ላይ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ይዞራል፤ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሄድበት ዙር) እስኪሞቅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሹፌሩ ለምዶታል። ባትሪው ደካማ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

መንገድ ላይ

መኪናው የሚውለው መሃል ከተማ ነው። መርካቶ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ከዚያ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት። በቤንዚን በሊትር 8 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄድ ነበር። በድብልቁ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ወርዷል። ይህ ብልሽት አይደለም። አንድ ሊትር ኤታኖል 21 ሜጋጁል ጉልበት አለው፤ ቤንዚን 32 አካባቢ። ከሊትሩ የሚገኘው ኪሎ ሜትር የሚቀንሰው ለዚህ ነው። «በአልኮል ቁጠባ ነው» የሚል ሰው ዋጋውን እንጂ ሊትሩን አያውራ።

ብራዚላውያን ቀላል መለኪያ አላቸው። የአልኮሉ ዋጋ ከቤንዚኑ ዋጋ 70 በመቶ በታች ከሆነ አልኮል ይቀዳሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ቤንዚን። ቤንዚን 100 ብር ሲሆን አልኮል ከ70 ብር በታች መገኘት አለበት ማለት ነው። ከእትዬ ጋር ሆነን ነጋዴዎችን ጠየቅን። ባገኘነው ዋጋ ሁሉ አልኮሉ ከቤንዚን በላይ ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ የሚያዋጣው እጃቸው ላይ ላለው አልኮል ብቻ ነው። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ገዢ የለውም፤ ቦታ ይዟል። አልኮል እየገዛሁ እነዳለሁ ለሚል ሰው ኪቱን ባልገጥምለት እመርጣለሁ።

ይህን ስጽፍ ይቆጨኛል። እኛ ለኤታኖል እንግዳ አይደለንም። መንግሥት በ2007 እ.ኤ.አ. የባዮፊውል ስትራቴጂ አወጣ። በ2008 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የሚገባው ቤንዚን ሱሉልታ በሚገኝ ዴፖ 5 በመቶ ኤታኖል ይቀላቀልበት ጀመር። በ2011 እ.ኤ.አ. መጠኑ ወደ 10 በመቶ አደገ። ኤታኖሉ የሚመጣው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነበር፤ በኋላ መተሐራም ገባ። የሚሠራበትም ስኳር ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ሞላሰስ ነው። ማንም ምግቡን አልተነጠቀም። ከተማው ሙሉ መኪናውን ሳይነካ፣ ኪት ሳይገጥም በኤታኖል ሄዷል፤ 10 በመቶ ድብልቅ ለባለ ኢንጀክተር መኪና ኮምፒውተሩ ራሱ ያስተካክለዋል። አቅርቦቱ ግን አልዘለቀም። ያ ድብልቅ እስካሁን በማደያው ቢኖር የእትዬም አልኮል በቀላሉ በተዋሃደ ነበር። አንድ ፒካፕ ላይ ይህን ሁሉ ከመድከም ዴፖ ላይ 10 በመቶ መቀላቀል ለአገር ይሻላል። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

እሳትና ወረቀት

ስለ እሳት አጠር አድርጌ ላንሳ፤ ግን ሳትዘሉ አንብቡት። የኤታኖል ነበልባል ቀን ላይ አይታይም ማለት ይቻላል። በርሜሉ ውስጥ ያለው እንፋሎት ደግሞ ከ12 እስከ 40 ዲግሪ ባለ ሙቀት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሊፈነዳ በሚችል መጠን ላይ ነው። የአዲስ አበባ ቀን ሙቀት እዚያው መሃል ይወድቃል። የቤንዚን በርሜል ውስጥ እንፋሎቱ ስለሚበዛ አብዛኛውን ጊዜ አየር ያንሰዋል፤ አልኮል ይህ መከላከያ የለውም። ስለዚህ በርሜሎቹ ከመኖሪያ ቤት ርቀው፣ ጥላ ሥር፣ ከመሬት ጋር በሽቦ ተያይዘው ተቀመጡ። በፕላስቲክ ፓምፕ በፍጥነት መቅዳት ብልጭታ ሊፈጥር ስለሚችል ቀረ። አጠገቡ የደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ተሰቀለ። ተራው የነዳጅ ፎም አልኮል ላይ ስለሚፈርስ አይሆንም።

ወረቀቱም ቸል አይባልም። ሊብሬው ላይ የነዳጁ ዓይነት ቤንዚን ይላል። ለኢንሹራንሱ የተገጠመውን ሁሉ ዘርዝረን በደብዳቤ አሳወቅን፤ ቅጂውን ከሊብሬው ጋር አስቀመጡ። ለዓመታዊ ቦሎ ምርመራ ሲሄድም ሳጥኑ ተደብቆ አይሄድም። ኮፈኑ ሥር ምን እንደተገጠመ የሚገልጽ ጽሑፍ ለጥፈናል። የነዳጅ መክፈቻው ውስጥም የድብልቁ መጠን ተጽፏል፤ ሌላ መካኒክ ቢከፍተው እንዳይደናገር።

ወደ ቤንዚን መመለስ ሲያስፈልግ ሥርዓት አለው። ለምሳሌ ክፍለ ሀገር ሲኬድ። ታንኩ እስኪራቆት ይነዳል፤ የቀረው በታችኛው ቡሎን ይፈሳል፤ ከዚያ ቤንዚን ይሞላል። ሹፌሩ መጀመሪያ ላይ ይህ አሰለቸው። ጠርሙሶቹን ሲያይ ግን ገባው። አሁን አዲስ በርሜል ሲከፈት ናሙና ወስዶ በበረዶ ውሃ ውስጥ የሚያቆመው እሱ ነው።

ሥራው ሰምሮ ሲያዩ እትዬ ሌላ ጥያቄ አመጡ። ጭነት የሚያመላልስ አይሱዙ አላቸው፤ ናፍጣ ነው።

«እሱንስ እንዲህ ብታደርግልኝ?»

«እሱ አይሆንም፣ እትዬ።»

ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ነዳጁ በተጨመቀ አየር ሙቀት ብቻ መቀጣጠል አለበት። ይህን ችሎታ የሚለካው ሴቴን የሚባለው ቁጥር ነው። ናፍጣ 45 እና ከዚያ በላይ አለው፤ ኤታኖል 8 አካባቢ ነው። ስካኒያ በኤታኖል የሚሄድ አውቶቡስ ሠርቷል፤ ግን መጭመቂያውን ወደ 28 ለ1 ከፍ አድርጎ፣ ነዳጁ ላይም እሳት እንዲይዝ የሚረዳ ቅመም ጨምሮ ነው። ያ ሞተሩን ከመሠረቱ እንደገና መሥራት ነው። ናፍጣ ላይ አልኮል ቢቀላቀል ደግሞ ይለያያል። በዚያ ላይ የናፍጣ ፓምፑ የሚለሰልሰው በናፍጣው ቅባት ነው፤ አልኮል ሲገባ ይደርቅና ይበላል። የዚያ ፓምፕ ዋጋ በርሜሎቹ ውስጥ ካለው አልኮል ሁሉ ይበልጣል።

እትዬ ዋጋውን ሲሰሙ ነገሩን ተዉት። አይሱዙው በናፍጣ ቀጠለ። የቀሩት በርሜሎች ለሃይሉክሱ ናቸው፤ ሲያልቁ ታንኩ ተራቁቶ ቤንዚን ይሞላል፤ ሳጥኑም ኤታኖል እንደሌለ አንብቦ ዝም ይላል።